ለሙያ እድገት የቀመስነው ዱላ

ትናንት ከሰዓት ግንባሬን የፈነከተኝ ድንጋይ የተወረወረው ለእኔ አልነበረም። ለእህቴ ልጅ ለሜሮን ነበር... አጭር ስለሆነች በአናቷ ላይ አልፎ እኔን አገኘኝ።

ሜሮን የወረዳ ሠራተኛ ናት። ዓመታት ሙሉ የሰው ሀብት ክፍል ተቀምጣ የሌላውን ሰው የዓመት ፈቃድ ስታስተናግድ ቆየች። በቅርቡ ግን «ሠራተኛው ለሙያ እድገቱ በየክፍሉ እየተዘዋወረ ይሥራ» ተባለና ለሦስት ወር ደንብ ማስከበር ተመደበች። ይህን በሰላም ከጨረሰች ቡድን መሪ እንደምትሆን አለቃዋ ነግሯታል።

እኔ ደግሞ አጎት ነኝ፣ ዝም አልልም።

«የሚቀጥለው ዙርሽስ የት ነው? እሳት አደጋ?»

«ጋሼ፣ በናትህ አታሹፍ! ስንት ዓመት የጠበቅኩት እድገት ነው።»

እናቷ ግን ዜናውን ስትሰማ «ይቅናሽ» ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እህቴ ሜሮንን ያሳደገቻት አየር ጤና አስፋልት ዳር ላስቲክ ዘርግታ ቲማቲምና ሽንኩርት እየሸጠች ነው። ልጅቷም የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ላስቲኩ ጫፍ ላይ ነበር።

ትናንት ቡድኑ ቤቴል ታክሲ መያዣው ጋ እንደሚወጣ ሰማሁና የደንብ ልብስ ለብሳ ላያት ሄድኩ። ለማሾፍ ነው፣ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ኮፍያው እስከ ጆሮዋ ወርዷል። በሩቁ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኋት። በዓይኗ ገረፈችኝ።

ወዲያው የቡድኑ ፒክአፕ ደረሰ።

«ደንብ! ደንብ መጣ!» ተባባሉ የአስፋልት ዳር ነጋዴዎቹ።

መንገዱ ተገለባበጠ። ካልሲ የሚሸጥ አንድ ጎረምሳ ዕቃዬን አልለቅም አለ። ተካ የሚባለው ግዙፉ የሜሮን ባልደረባ አፉን በዱላ አለው። ጎረምሳው ደም ተፋ፣ ከደሙ ጋር ጥርስ ወደቀ። ቀና ሲል ግን ተካን በቴስታ አፍንጫውን አጎነው። ከዚያ ተካና ሌላ ባልደረባው ጎረምሳውን መሬት ላይ ጥለው ይረግጡት ጀመር።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ትገድሉታላችሁ!» ብዬ መሐል ገባሁ። አንዱ በክርኑ ደረቴን ብሎኝ ከቆመ ታክሲ ጋር አላተመኝ። የመጣሁበት ሹፈት እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ሜሮን ፊት ለፊት አንዲት አቮካዶ ሻጭ ነበረች። እግሯ አብጧል፣ ቶሎ መነሳት አልቻለችም። ሜሮን ቆማ ታያታለች። «ደንብ!» የሚለው ጩኸት እንደገና መጣ...

እንግዲህ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሜሮን ጎንበስ አለች። አቮካዶው የተዘረጋበትን ላስቲክ አራት ጫፍ ሰብስባ ጠመዘዘችው፣ ቋጠረችው፣ ጀርባዋ ላይ ጣለችውና ሮጠች።

«ጎበዝ! ጫኚው!» አለ ተካ ደማም አፍንጫውን ይዞ።

እሷ ግን ፒክአፑን አለፈችው። ነጋዴዎቹ ወደሚሸሹበት ቅያስ ገባች። ከደንብ እየሸሸች ነው... የደንብ ልብስ ለብሳ!

ሴትየዋ «ዘረፈችኝ! ዘረፈችኝ!» እያለች በማነከስ ተከተለቻት። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲሰማ ድንጋይ አነሳ። እኔ ከሜሮን ኋላ እሮጣለሁ። ከቅያሱ ውስጥ የመጣው ድንጋይ ያኔ ነው ግንባሬ ላይ ያረፈው። ደሙ ዓይኔን ሞላው።

አንድ ግቢ በር ላይ ደረስኩባት። ሴትየዋም ድንጋይ ጨብጣ ደረሰች። ሜሮን ቋጠሮውን እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። ሴትየዋ መጀመሪያ በጥፊ አጮለቻት። ከዚያ ቋጠሮውን አየችና ድንጋይ የያዘው እጇ ዝቅ አለ።

«ይሄን አስተሳሰር ማን አሳየሽ?»

«እናቴ...» አለች ሜሮን። «ደንብ ሲሉ እግሬ ዝም ብሎ ሮጠ።»

ተካ ከኋላ ደረሰ። ሴትየዋን ከነድንጋይዋ ሲያያት ዱላውን ሰነዘረ። ሜሮን እጇን አስገባች። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ነው... አያሰማችሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?!» ተካ ራሱ ደነገጠ።

እኔ ፈጥኜ ውሸት ፈበረክሁ። «ወንድሜ፣ ጎረምሶች ዕቃውን ሊነጥቋት አሳደዷት! እኔንም ፈነከቱኝ፣ ይኸው ደሜ! ታግላ ያስጣለችው እሷ ናት!»

ተካ ሊያምነኝ ነበር። ሹመቷን አዳንኩላት ብዬ በውስጤ መኩራት ጀምሬያለሁ።

ሜሮን የተሰበረ እጇን አቅፋ «ውሸቱን ነው» አለች። «ይዤላት እየሸሸሁ ነበር። እትዬ፣ ዕቃዎትን ይዘው ይሂዱ።»

ተካ እጇን አየ፣ ዱላውን አየ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለ። ሴትየዋ ቋጠሮዋን ተሸክማ በመሐላችን አለፈች።

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ አለቃዋ ደወለ። ወደ ድሮ ክፍልሽ ተመለሺ፣ የቡድን መሪነቱን ነገር እርሺው አላት። ሜሮን «እሺ» ብላ ዘጋችው። ከእጇ ይልቅ ያ «እሺ» ያመማት መሰለኝ።

እናቷ በጄሶ የታሰረውን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማች። አላለቀሰችም።

«ዕቃው ምን ነበር?»

«አቮካዶ።»

«ምንሽ ላይ አድርገሽ ሮጥሽ?»

«ጀርባዬ ላይ።»

«አቮካዶ ጀርባ ላይ አይደረግም፣ ይፈርጣል! ሆድ ላይ ታቅፎ ነው የሚሮጠው» ብላ ተቆጣቻት... ከዚያ ግንባሯን ሳመቻት።

በዚህ ሁሉ ዝውውር ልጅቷ ለሙያ እድገቷ ያገኘችው ቁም ነገር ያለው አስተያየት ይሄ ብቻ ነው።