አባቴ የለቀቀው ፈረስ

እኔ ያልደረሰውን ቀድሜ የምፈራ ሰው ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ባለጋሪው አባቴ ዳማ ፈረሱን ከፀዳ ከተማ በታች ካለው ሜዳ ለቆ ባዶ ልጓም ይዞ የገባ ቀን ግን ፍርሃቴ ምክንያት ነበረው።

በባለጋሪዎች ልማድ ያረጀ ፈረስ አይገደልም፤ ይለቀቃል። «አርነት አወጣሁት» አለ አባቴ፣ ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎት። እኔ ያሰብኩት ጅቡን ነው። ደግሞ በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ስለ አዲሱ የመንግሥት የእንስሳት ደኅንነት መመሪያ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ያረጀ የጋሪ ፈረስ የጣለ ባለቤት ይጠየቃል ነበር የሚለው።

«አባባ፣ ይከሱሃል እኮ!»

«ምነው አንች፣ ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎኝ አሁንም ልሰረው?»

ሌሊቱን ጅብ በጮኸ ቁጥር ከመኝታዬ እየተነሳሁ ለፈረሱም ለአባቴም እጸልይ ነበር።

ጠዋት ሌላ ፈረስ ሊያጠያይቅ ወደ ጋሪ ተራው ሲወርድ ተከተልኩት። የፈሩት ይደርሳል፤ ዳማው እዚያ ነው። ጋሪ ሳይኖረው ከተሰለፉት ጋሪዎች ኋላ ተራ ይዞ ቆሟል። የፊተኛው ሲሄድ እሱም ጠጋ ይላል።

መመሪያውን ሊያስረዱ የመጡ አንድ የእንስሳት ሐኪም አጠገቡ ቆመው «የማን ነው?» ይላሉ። ባለጋሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። የአባቴን ክንድ ጨብጬ «ዝም በል» አልኩት። ሐኪሙ የፈረሱን ጥርስ አዩና «ባለቤት ከሌለው በመርፌ ገድለን እናሳርፈዋለን» አሉ።

አባቴ ክንዱን ከእጄ አላቀቀ።

«የኔ ነው። የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ትኩር ብለው አዩት። «አያ፣ መልቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት ነው። ይዘውት ይግቡ። ዳግም ሜዳ ላይ ካገኘሁት ግን ይጠየቃሉ።»

አባቴ ዳማውን በገመድ እየሳበ ወደ ቤት መንገድ እንደጀመርን ሌላ ስጋት ያዘኝ፦ የማይሠራ ፈረስ ምን እናበላለን? የገለባ ዋጋ እሳት ሆኗል። ደግሞም ሐኪሙ ሐሳባቸውን ቀይረው የሚጠሩን እየመሰለኝ ኋላ ኋላዬን አያለሁ።

ዳማው ግን ከወፍጮ ቤቱ ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጤና ጣቢያው በርም እንዲሁ። ተሳፋሪ ይወርድባቸው የነበሩ ቦታዎች ናቸው።

«ሳበው እንጂ አባባ!»

አባቴ ገመዱን አላልቶ አብሮት ቆመ።

«ቆይ እስኪ» አለኝ፣ «ሰዎቹ ይውረዱ።»