እትዬ ሀብትነሽ ያለሙት ጓሮ

እትዬ ሀብትነሽ የቋሪት ሰው ናቸው። ገበዘ ማርያም አጠገብ ተወልደው፣ ባላቸው ሲሞቱባቸው ቡሬ ወርደው፣ አሥራ አንድ ዓመት በዱቄት ፋብሪካችን ጽዳት ሠርተዋል። እኔ ሳቢሃ እባላለሁ፤ ማሸጊያ ክፍል የከረጢት አፍ እሰፋለሁ። ምሳ የምንበላው አብረን ነው፤ በእሳቸው ጾም ቀን እኔም ሽሮ ይዤ እመጣለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የፋብሪካው ቢሮ ቴዎድሮስ የሚባል ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ቀጠረና "አረንጓዴ ቤት" የሚሉትን ሥራ ሰጠው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበን።

"ፋብሪካው ግቢውን ብቻ በንጽሕና ቢጠብቅ አይበቃም" አለ። "እናንተስ ቤታችሁ ስትገቡ ምን ታነዳላችሁ? እጣቢውን የት ትደፋላችሁ?"

ሰው ሳቀ። የእጣቢ ነገር በስብሰባ ይነሣል ብሎ ማን አስቦ? እትዬ ሀብትነሽ ግን አልሳቁም። ለየሰዉ አንድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ሁለት የአቮካዶ ችግኝ ሲታደል፣ እሳቸው ችግኞቹን ነፋስ እንዳይመታቸው በነጠላቸው ጋርደው ወሰዱ።

የሚኖሩት አያ ገነነ በሚባሉ ሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር። ከክፍሏ ጀርባ ጓሮ አለ፤ አመድ፣ አጥንት፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሞተ ውሻ ሳይቀር የሚጣልበት።

"አያ ገነነ፣ ይቺን ጓሮ ላጽዳትና ትንሽ ነገር ልትከልባት" ብለው ለመኗቸው።

"ቆሻሻውን ካነሣሽልኝ ምን ከፋኝ!" አሉ ሰውዬው።

ጠርሙሱን ለመልቀም ብቻ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ጠርሙስ የቆረጠውን ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወለል ሲወለውሉ አይቻለሁ። ከዚያ ጉድጓድ ቆፈሩ። የድንች ልጣጩን፣ አመዱን፣ ከጎረቤት የለመኑትን እበት እየደራረቡ ብስባሽ አደረጉት። ሳህን ያለቀለቁበትን ውኃ በጀሪካን አጠራቅመው ያጠጣሉ። በዓመቱ ጎመንና ቃሪያ ደረሰ፤ ውሎ አድሮ አቮካዶዎቹም ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛን የለወጠን ስብሰባው አይደለም፤ ያቺ ጓሮ ናት። እየሄድን አየን። እትዬ ሀብትነሽ እጄን ይዘው ብስባሹ ውስጥ አስገቡና፣ "ሞቋል? ከሞቀ እየሠራ ነው" አሉኝ። ከማሸጊያ ክፍል ብቻ ዘጠኝ ሴቶች በየቤታችን ጀመርን።

ባለፈው ዓመት መስከረም ቢሮው እንግዶችና ካሜራ ይዞ ጓሮውን ሊያሳይ ሄደ። እትዬ ሀብትነሽ የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ጠበቁ። ከእንግዶቹ አንዱ "ግቢው የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ አያ ገነነ ከበረንዳቸው ተነሥተው "የእኔ" አሉ። አልዋሹም። አቮካዶው ሥር ቆመው ፎቶ ተነሡ። እትዬ ሀብትነሽ ለእንግዶቹ ጎመን ሊቆርጡ ጎንበስ ባሉበት፣ ከፎቶው ውጭ ቀሩ።

ጥቅምት ሳያልቅ አያ ገነነ ጠሯቸው።

"ልጄ ደጀኔ ሊያገባ ነው። ክፍሏን እፈልጋታለሁ።"

"በበሩ በኩል ያለችው ክፍል ባዶ አይደለችም እንዴ፣ አያ?"

"እሷማ ጓሮ የላትም።"

ይህን ሲነግሩኝ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። አብረን ወደ ቢሮ ወጣን። ቴዎድሮስ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

"እትዬ፣ እኔ በግሌ ሄጄ እለምንልዎታለሁ" አለ። "መሥሪያ ቤቱ ግን በሰው ቤት ኪራይ አይገባም።"

"ቤታችሁ፣ ቤታችሁ ስትለን የከረምኸው ታዲያ የማንን ቤት ነበር?" አሉት።

በማግስቱ አያ ገነነ ዘንድ ሄደ።

የቴዎድሮስ ልመናም አልሠራም። በመልቀቂያቸው ቀን አንደኛውን አቮካዶ ነቅለው ሊወስዱ ቆፈሩ። ሥሩ ርቆ ሄዷል፤ ቢስቡት የማይወጣ፣ ቢቆርጡት የሚሞት። አያ ገነነ ደርሰው፣ "ተይው፤ መሬት የያዘው የባለ መሬቱ ነው" አሏቸው። እትዬ ሀብትነሽ ቀና ብለው አላዩዋቸውም። የቆፈሩትን መልሰው በአፈር ሞሉና ውኃ አጠጡት።

"ምን ያጠጡታል?" አልኋቸው ተናድጄ።

"ዛፉ ምን አደረገ?" አሉኝ።

ምድጃው ጋሪ ላይ ሲጫን ለሁለት ተሰነጠቀ። አሁን ያሉበት ግቢ ስድስት ተከራይ አለበት፤ ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው። ከሰል ያነዳሉ። ልጣጩን በፌስታል ቋጥረው ወንዝ ዳር ይጥላሉ፣ እንደ ድሮው።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ምዘና ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። "ያቋረጡ ሠራተኞች" ከሚለው ሥር የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ነበር። ከጎኑ "አርአያ ግቢ" የሚል ፎቶ አለ፤ አያ ገነነ ከአቮካዶው ሥር ቆመው። ቴዎድሮስ ዘንድ ሮጥሁ።

"አውቃለሁ" አለኝ ዓይኑን ሰብሮ። "ቅጹ 'ቀጠለ' እና 'አቋረጠ' ብቻ ነው ያለው። ከቤት የተባረረ የሚል ቦታ የለውም።"

ወደ ሰሌዳው ተመልሼ ፎቶውን ልገነጥል እጄን ስሰነዝር እትዬ ሀብትነሽ ከኋላዬ መወልወያቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ተይ" አሉኝ፤ "አሁን ነው ወለሉን የጨረስሁት።"

በዚያው ሳምንት ከጓሮዬ ጎመን ቆርጬ ቤታቸው ወሰድሁላቸው። በራቸው ላይ ተቀበሉኝ። ቅጠሉን ገልብጠው አዩት፤ ግንዱን ሰበር አድርገው አሸተቱት። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

"ጥሩ አድርገሽዋል" አሉና መለሱልኝ። "ግን አትቀየሚኝ ሳቢሃ፤ ጓሮዬን ጓሮዬን ይሸተኛል፤ አልበላውም። ዳግመኛም እንዳታመጪልኝ።"

ጎመኑን ታቅፌ ተመለስሁ። እኔም አልቀቀልሁትም።