ቁርስ ያበላችው ሴትዮ እና አቮካዶዬ

አፈራች! አቮካዶዬ አፈራች! ዛሬ ጠዋት አንገቴ እስኪጣመም ቀና ብዬ ቆጠርኩ... አሥራ ሰባት ፍሬ! ከቅጠል ጀርባ የተደበቀውን ሳልጨምር ነው። ሰላም ሳልላችሁ ገባሁበት አይደል? አካም ጅርቱ፣ የቅርቦቹም የሩቆቹም።

ይቺ ዛፍ የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ደረቴ ድረስ የምትደርስ ጉቶ ነበረች። እንዴት ጉቶ እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወራሁም። ስታፈራ እናገራለሁ ብዬ አፌን ይዤ ነው የቆየሁት። ለኔ አፍ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

የተከላት ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ልጃችን ሌንሳ በተወለደች ክረምት ነው የተከላት። ከሱ እጅ በግቢዬ የቀረኝ እሷ ብቻ ነች።

ታዲያ አንድ ሁለት ቅርንጫፏ ደርቆ ኩሽናው ጣሪያ ላይ አዘነበለብኝ። ዛፍ የሚመለምል ባለሙያ ሲሬ ከተማ አለ፣ ኦቦ ገመቹ ይባላል፣ እንደ ማገዶ ቆራጭ ዝም ብሎ አይጨፈጭፍም አሉኝ። ደወልኩለት። «የደረቀውን ብቻ፣ ሌላውን እንዳይነካ» አልኩት። «እሺ አዴ» አለኝ በአክብሮት። ተስማማን፣ ቀን ቆረጥን።

ቀኑ ሲደርስ ግን ቢላ ከተማ ያለችው እህቴ ወለደች። አራስ ጥዬ ልቀር ነው? ቁልፉን ለጎረቤቴ ለዲንቂቱ ሰጠኋት። «ሰውየውን አስገቢልኝ፤ ቁርስም አብዪው፣ ከሲሬ ድረስ ነው የሚመጣው» አልኳት።

ዲንቂቱ ማለት... ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። በርበሬ እያደረቀች ገበያ የምታወጣ፣ ሥራ ወዳድ ሴት ነች። ባለቤቴ ሲያርፍ አርባ ቀን ሙሉ ከጎኔ ያልተለየችው እሷ ነች። እህቴ ነው የምላት።

በአምስተኛው ቀን ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። በሩን ስከፍት ግቢዬ ጠፋብኝ... ፀሐይ ብቻ! እንዲህ ያለ ፀሐይ በግቢዬ አይቼ አላውቅም። ቀና ስል ዛፍ የለም። ጉቶ።

ዲንቂቱ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ሃዳ ሌንሳ!» አለችኝ፤ የሌንሳ እናት ማለቷ ነው፣ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «በሽታ ይዟት ነበር አሉ! ውስጧ በስብሶ! ሰውየው ራሱ ነው ያለው፣ ካልተቆረጠች ቤት ላይ ትወድቃለች አለ።»

«ባለፈው ሳምንት ቅጠሏ እንደዚያ እያብረቀረቀ?»

«እኔስ መች አመንኩት! ምን ላድርግ ታዲያ...»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ጉቶዋን ተደግፈን ለቅሶ ቤት መሰልን። «ደግሞ እንዳትደውይለት፣ እኔ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ» አለችኝ። እኔም አመስግኛት፣ ስልኩን ብሎክ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ በሬ ተንኳኳ። አንድ ሰው መጋዝና ገመድ ይዞ ቆሟል።

«ገመቹ እባላለሁ። ዛፏን ላያት ነው የመጣሁት። እስቲ ባለቤቷን ይጥሩልኝ።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ!» ደሜ ፈላ።

«አይ አዴ... ቁርስ ያበላችኝን ሴትዮ ነው የምፈልገው።»

ነገሩ ሁለታችንንም በአንዴ ገባን መሰለኝ።

«በስልክ ደረቁን ብቻ ብለውኝ አልነበር ወይ ስላት፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ከታች ቁረጠው አለችኝ» አለ ሰውየው፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ። «እኔ የማውቀው፣ ቁርስ አቅርቦ እጅ ያስታጠበኝን ሰው ነው ባለቤት የምለው። በሰው ግቢ ማን ቁርስ ያበላኛል ብዬ ልጠርጥር?»

«በሽታውስ?»

«የምን በሽታ?» ጉቶዋ ላይ ጎንበስ አለና አሳየኝ። ነጭ፣ ንጹሕ እንጨት። የመበስበስ ምልክት የለበትም።

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ... ድሮ የዛፌ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ቀይ፣ በፀሐይ የሚንቦገቦግ። ዲንቂቱ በመዳፏ እያገላበጠችው ነው።

«ዲንቂ... እኔ ነኝ ብለሽ አስቆረጥሻት?»

ቀና አላለችም። «ጥላዋ በርበሬዬን አሻገተብኝ፣ ሃዳ ሌንሳ። ባልሽ የተከላት ናት፣ እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ብትነግሪኝ መሰላሉን እኔ ነበርኩ የምይዝልሽ! እሺ፣ ማስቆረጡን አስቆረጥሽ... አብረሽኝ ያለቀስሽውስ?»

በርበሬዋን ማገላበጥ ቀጠለች። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ መጋዙ አይደለም፣ ያቺ እንባ ነች። የባሌን ለቅሶ ያለቀሰችበት እንባም ያው ይሆን ወይ እያልኩ ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ።

ኦቦ ገመቹ ግን ትቶኝ አልሄደም። ልጡ በፀሐይ እንዳይቃጠል ግንዱን ኖራ ቀባው። ካቆጠቆጠው መዓት ቀንበጥ አራቱን ጠንካሮች መርጦ ሌላውን አነሳ። ሥሯ ዙሪያ ደረቅ ሣር አለበሰ፤ ግንዱን እንዳይነካ፣ ያበሰብሰዋል አለ። በበጋ ውኃ እንዳልነፍጋት አስጠንቅቆኝ፣ በየክረምቱ እየመጣ አያት። ይኸው አሥራ ሰባት!

ፍሬው የፊታችን ቅዳሜ ይለቀማል። ኦቦ ገመቹም ከሲሬ ይመጣል፣ ወደ በርበሬው ግቢ የሚሻገረውንም ቅርንጫፍ ይመለምልልኛል። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በራሴ አፍ ያዘዝኩት ነው። ዲንቂቱም ከፈለገች ትምጣ፣ በሩ ክፍት ነው... ቁልፉ ግን ከኔ ጋር ነው።

እናንተ ሁላችሁም ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ሆዳችሁን ኑ። በዚህ ግቢ ቁርስ የማበላው እኔ ነኝ።