ለአንድ ፊት የሚሆን መብራት

ሰው በዕድሜው አንድ ነገር አብጠርጥሮ ያውቃል ይባላል። እኔ ሁለት አውቃለሁ፤ ማብራትና ማጥፋት። በባህል ቡድን ውስጥ የመብራት ባለሙያ ተብዬ ደሞዝ የበላሁት በዚሁ ነው። ቦንጋ ባለው አዳራሽ፣ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ተዋናይ ሲገባ አበራለሁ፤ ሲወጣ አጠፋለሁ። መሐሉ የራሴ ነው። መሐሉ ረዘም ሲል እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል፤ ያን ጊዜ የሞተው ተዋናይ መብራቱ ይጠፋል ብሎ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ አልሆን ሲለው ተነሥቶ በእግሩ ይወጣል። ተመልካቹ ያጨበጭባል።

መሣሪያዬም እኔኑ ይመስል ነበር። ሁለት ፓውዛ፣ አንድ ማከፋፈያ፣ ከብረት ቱቦ የተበየደ መቆሚያ። ቀይ ብርሃን ሲፈለግ ቀይ ላስቲክ እወጥርበታለሁ። ላስቲኩ መቅለጥ ሲጀምር ጭሱ የፊት ወንበሮቹን ያስለቅሳል፤ ድራማው አሳዛኝ ከሆነ ተሳካልን ማለት ነው።

ዘመኑ ገዢው ግንባር አገር የሚመራበት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ የሚታመስበት ነው። ሰው ሁሉ «የሥራ ሂደት» ሆኗል። እኔም ብቻዬን አንድ ሂደት ነበርኩ፤ ወዴት እንደምሄድ ባላውቅም። አንድ ቀን ኃላፊያችን፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ ትሑት ሰው፣ አስጠራኝ።

«ጋሼ፣ ለመድረኩ ዘመናዊ መብራት ሊገዛ ነው። ስፔሲፊኬሽኑን እርስዎ ያዘጋጃሉ።»

«እኔ?»

«ባለሙያው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ነኝ ማለት ይከብዳል፤ አይደለሁም ማለት ደግሞ እንጀራ ያሳጣል። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ብሎ መዘገበው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዳራሽ ደርሷል። በማግስቱ የቡድናችን ዋና ተዋናይት መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከአርባ ዓመት አለፍ ያላት፣ ጠይም፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚደርስ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ እናቴን ላመጣት ነው» አለችኝ።

እናትየዋ ገጠር፣ ደካ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ስትቆም አንድ ቀን እንኳ አላዩዋትም። መጀመሪያ «ሰው ፊት የምታለቅስ ልጅ አልወለድኩም» ብለው አኮረፉ። ኩርፊያው ሲያልፍ ክረምቱና ጭቃው ከለከላቸው። መንገዱ ሲሻል ደግሞ ዓይናቸው ደከመ። ሐኪሙም ያለው የዓይን ብርሃን እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ እንደማይጨምር ቁርጡን ነግሯቸዋል።

«አዲሱ የቀፎ ድራማችን ላይ ትምጣ ብያለሁ» አለች። «የዛሬ ዓመት ብትመጣ ድምፄን ብቻ ነው የምትሰማው። ፊቴን ትይልኝ፣ ጋሼ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በአዲሱ መብራት?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «እንኳን እናትሽ፣ ደካ የቀሩት ጎረቤቶቻቸውም ያዩሻል!»

ገና ምን እንደሚገዛ እንኳ አላውቅም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከጎጃም ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ አለች። ጭንቀቴን ስነግራት «መብራት እኮ ከመገዛቱ በፊት በኮምፒውተር ይነደፋል» ብላ፣ ለሥራ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ ሦስት ፕሮግራም በሲዲ ይዛልኝ መጣች። የመጀመሪያው በነፃ የሚሰጥ ነው፤ መድረኩን እንደ ቤት ፕላን ከላይ ያሳያል፤ መብራት በሚሰቀልበት ቦታ ክብ ምልክት ታስቀምጣለህ፤ አለቀ። ሁለተኛው መብራቶቹን ከኮምፒውተር በገመድ የሚያዝ ነው፤ ለማዘዝ ግን በቅድሚያ የሚታዘዝ መብራት ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ አይ ሦስተኛው! መድረኩን ከነመጋረጃው አቁሞ ያሳያል። ጨረሩ ጭስ ሰንጥቆ ሲያልፍ ይታያል። መሐል ላይ እንደ ኖራ የነጣች አሻንጉሊት ቆማለች፤ ሰማያዊ ብታበራባት ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ብታበራባት ሐምራዊ ሆና ትደምቃለች።

«ይሄኛው ለሙከራ የተሰጠ ነው» አለችኝ። «የሠሩትን አያስቀምጥልዎትም። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሥራዎም ይጠፋል። ለእኛ ነፃው ይበቃናል፣ ጋሼ። አዳራሻችንን ለክተን፣ ስንት መብራት የት እንደሚሰቀል ካወቅን ሌላ ምን ቀረን?»

ምክሯ ልክ ነበር። እኔ ደግሞ ልክ የሆነ ምክር ከሴት ልጄ እኩያ ሲመጣ አልዋጥ ይለኛል። ሦስተኛውን መረጥኩ።

በዚያ ሳምንት ቦንጋ ላይ መብራት አራት ጊዜ ሄደ፤ ሥራዬም አራት ጊዜ አብሮ ሄደ። አራት ጊዜ ከዜሮ ጀመርኩ። አሻንጉሊቷን እያሽከረከርኩ ከጠዋት እስከ ማታ ስቀመጥ ባለቤቴ ምሳ ልታቀብለኝ መጥታ ከኋላዬ ቆማ አየችኝና «የልጅ ልጆችህ ሳያንሱህ አንተም አሻንጉሊት ገዛህ?» ብላኝ ሄደች። በአምስተኛው ላይ የኮምፒውተር ባለሙያዋ አዝናልኝ፣ ሥራው እንዳለቀ ስዕሉን በቀለም አተመችልኝ። ከስዕሉ ሥር የዕቃውን ዝርዝር ጻፍኩ፦ አንገታቸውን የሚያዞሩ አራት መብራቶች፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየደባለቁ ቀለም የሚሠሩ ስምንት፤ ማዘዣ ሰሌዳ፤ ገመድ። ባለሙያዋ የፕሮግራሙን መመሪያ ስታገላብጥ አንድ ነገር አግኝታ ኖሮ «ከፊት ለፊት፣ ከግራና ከቀኝ ከፍ ብለው የሚሰቀሉ፣ ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን ያላቸው ሁለት ተራ መብራቶች ይግቡበት፤ ለሰው ፊት ነው ይላል» አለች። ተዋናይቷን አስታወስኩና መጨረሻው ላይ ጨመርኳቸው።

ከዚያ የግዥ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች ስዕሌን እጅ በእጅ ተቀባበሉት። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ይቺ ፈረንጅ ማን ናት?»

«አሻንጉሊት ናት።»

«ታምራለች። እነዚህ አንገታቸውን ያዞራሉ የተባሉት ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ስድስት አይሆኑም?»

«በጀቱ አይበቃም።»

ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። «እነዚህ ሁለቱስ? ምን ይሠራሉ?»

«ፊት ያበራሉ።»

«ይዞራሉ?»

«አይዞሩም።»

«ቀለም ይቀያይራሉ?»

«አይቀያይሩም።»

«ታዲያ ጋሼ!» አለ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ። «እኛ ለውጥ ላይ ነን። ባለበት የሚቆም ሠራተኛ አንፈልግም እያልን ባለበት የሚቆም መብራት እንግዛ?»

ኮሚቴው ሳቀ። ሳቁ ደግሞ ሞቅ ያለ ስለነበር እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ «ለተዋናይቷ ፊት ነው» ማለት እችል ነበር። ስዕሉን አየሁት፤ አሻንጉሊቷ ያለ እነሱም ፊቷ ቦግ ብሏል። ብዕሬን አውጥቼ በገዛ እጄ ሰረዝኳቸው። በእነሱ ፋንታ አምስተኛ አንገት አዟሪ ገባ።

ዕቃው መጥቶ፣ ተሰቅሎ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ ሲሠራ ያየ ሰው የቦንጋ አዳራሽ አይለውም። አምስቱ መብራቶች ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ተመልካቹን ሁሉ ያስሳሉ። ኃላፊያችን አጨበጨበ። ከትዕይንቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ሙሉ ልምምድ ጀመርን። እናትየዋም በዚያው ቀን ከደካ ገብተው ነበርና ልጃቸው ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሳቡ ሴት ናቸው።

ድራማው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ጫካ የሰቀለችውን ቀፎ የወሰደባት ሴት፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ትከራከራለች። ተዋናይቷ መሐል መድረክ ላይ ቆመች። በአሻንጉሊቷ ላይ ያሳመርኩትን ሰማያዊ ለቀቅሁት። ልብሷ አበራ። የቀፎው ቅርፊት አበራ። መናገር ጀመረች።

እናትየዋ አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ከዚያ ጮክ ብለው አንድ ነገር አሉ። ሠላሳ ዓመት ቦንጋ ኖሬም ካፊኖኖዬ የሕፃን ነው፤ ይሄኛውን ለመረዳት ግን የሕፃንም በቃኝ።

«ድምፅሽን ሰማሁ፤ አንቺ የት ነሽ?»

ነጭ አደረግሁት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲደባለቅ ነጭ ይሆናል ይላል ወረቀቱ። ኖራ ላይ ሲያርፍ ይሆናል። ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ አመድ ሆነ። አምስቱን አንገት አዟሪዎች አዞርኩባት፤ ከላይ ቁልቁል ስለመቷት ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆኑ። አሮጊቷ ተስፋ ቆርጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ተዋናይቷ ከመድረኩ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ነገ ከሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ከነገ ወዲያ ወደ ደካ ትመለሳለች።»

ከአዳራሹ ወጥቼ ቁልቁል ወደ ገበያው ሄድኩ። ምን ፍለጋ እንደምሄድ አላውቅም፤ እግሬ ግን ከጭንቅላቴ ይሻላል። የፎቶ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ቆምኩ። ባለቤቱ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ፣ የከተማውን ሠርግ፣ ምርቃትና መታወቂያ በሙሉ ያነሣ ሰው ነው። የዕድሜ እኩያዬ ስለሆነ አያከብረኝም። በመስኮቱ ላይ የደረደራቸውን ፎቶዎች አየሁ። ጠይሙም፣ ጥቁሩም፣ ቀዩም ፊት ፊት ሆኖ ይታያል።

«ኢንጂነር!» አለኝ። «ምን ሆነህ ነው ግብር የተጨመረበት ሰው መስለህ የቆምከው?»

ሁሉንም ነገርኩት። አሻንጉሊቷን ሳይቀር። ሲስቅ ቡና ሊቀዳ ያነሣት ጀበና ከእጁ ልትወድቅ ነበር፤ አስቀመጣት።

«አንተ ሰው! ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ተቀምጬ የማበራው ምን ይመስልሃል? ኖራ? የዚህን አገር ሰው ፊት እኮ ነው! ከቤትህ እስከ አዳራሽ ስትመላለስ በየቀኑ በበሬ ታልፋለህ። አንድ ቀን 'ወንድሜ፣ ፊት እንዴት ይበራል?' ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አልመጣልኝም።»

«አይመጣልህም። ፈረንጇን ስታይ!»

ከዚያ ሱቁን ረዳቱ ለሆነችው ሚስቱ ትቶ ለሠርግ ቪዲዮ የሚይዛቸውን ሁለት መብራቶች፣ ነጭ ጃንጥላዎቻቸውንና የብርሃን መቀነሻ ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጫነ። አዳራሽ ስንደርስ መብራቱን ከመትከሉ በፊት ተዋናይቷን ወንበር ላይ አስቀምጦ አገጯን ቀና አደረገና ዝም ብሎ አያት። ትንሽ ወደ ግራ አዞራት፤ ደግሞ አያት።

«እንዲህ ዓይነት ፊት ከላይ አይበራም» አለ። «ከፍ፣ ከጎን፣ በጃንጥላው ተለስልሶ። ግራው ይበርታ፤ ቀኙ ይከተል። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥላ ተውላት፤ ጥላ ከሌለ ፊት ድስት ክዳን ይሆናል።»

አበራው። ተዋናይቷ ወንበሩ ላይ ብቅ አለች። ሌላ ቃል የለኝም፤ እዚያው ተቀምጣ ነበር፣ ግን ብቅ አለች። ከንፈሯ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ አላት። ሃያ ዓመት ሳበራላት ያን ጠባሳ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። መብራት እንዳይሄድብን ጄኔሬተሩን ከመጀመሪያው አስነሣነው። እናትየዋ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ከነኮሚቴው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። እኔና ፎቶ አንሺው ከመጋረጃው ጥግ፣ መቀነሻ ሳጥኑን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ለኮሚቴው ስል መግቢያው ላይ አንገት አዟሪዎቹን ትንሽ አሯሯጥኳቸው፤ ሰብሳቢው ደስ አለው። ከዚያ ሁሉንም አጠፋሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተዋናይቷ በጨለማ ገብታ ቦታዋ ላይ ቆመች።

ግራውን በቀስታ ከፍ አደረግሁ። ቀኙን አስከተልኩ።

ተዋናይቷ አፏን ልትከፍት ስትል እናትየዋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አንቺ!» አሉ ሙሉ አዳራሹ እየሰማ። «ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊያችን ግንባሩን ያዘ። ተዋናይቷ የሟች ሚስት እንደሆነች፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

«ማሬን ወስደውብኛል እኮ፣ እናቴ! ምን ልብላ?»

«ማነው የወሰደው?»

ተዋናይቷ ጣቷን በባሏ ወንድም ላይ ቀሰረች። የባሏን ወንድም የሚሠራው ግዙፍ ሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ጀርባ ሸሸ። እናትየዋ ረጅም ስድብ ለቀቁበት፤ ትርጉሙን ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አፍሬያለሁ። ከዚያ አልተቀመጡም። ነጠላቸውን ከአገጫቸው አውርደው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ልጃቸውን ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ከአገጯ እስከ ግንባሯ ይመለከታሉ። ተዋናይቷም ንግግሯን ትታ ቆመችላቸው።

በጽሑፉ መሠረት ሽማግሌዎቹ ተራቸውን ሲቀበሉ የእሷ መብራት መቀነስ አለበት። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ።

ፎቶ አንሺው አንጓዬን ጨብጦ ያዘኝ።

«ቆይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ገና እያዩ ነው።»