አጥንት አንቆት ነው

ውሻ አልበላም ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ነገር መሳደብ ነው። በእኛ ቤት ቢያንስ እንዲያ ነበር። «ጠገብክ! ከማን ቤት ስትቀላውጥ ዋልክ?» አለው አባቴ፣ ውሻው ከሳህኑ አጠገብ ተኝቶ ዓይን ዓይኑን ሲያየው። ስድቡ ካልሠራ ምግቡ ይለወጣል። ምግቡ ካልሠራ ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት ደግሞ ምክር አያልቅበትም። አንዷ ወተት ስጡት አለች፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ጋቱት አለ፣ ቡዳ በልቶት ነው ያለም አልጠፋ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ወደ ጋምቤላ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ብዬ መጥቼ ቀረሁ። እናቴ ስትሞት አባቴን ከወሎ አምጥቼ ከእኔ ጋር አስቀመጥኩት። ሙቀቱን ጠላው። «እዚህ አገር ፀሐይዋ ራስ ላይ ቆማ ነው የምትውለው» ይል ነበር። የወደደው ቤተ ክርስቲያኑንና ይህንን ውሻ ብቻ ነው። ውሻው አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ከኋላው ተከትሎት ድልድዩን ተሻግሮ መጣ፤ በዚያው ቀረ። ስም አላወጣለትም። እሱን «አንተ»፣ እኔን «አንቺ» እያለ ይጠራናል፤ ሁለታችንም አቤት እንላለን።

ድልድዩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታችን ከባሮ ወዲህ ነው፤ ገበያው፣ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ። በባጃጅ ከሄዱ ቅርብ ነው፣ በእግርም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ከዚህ ከውሻው ነገር በፊት ስለ ድልድዩ አስቤ አላውቅም፤ ስለ ገዛ ደጃፉ ማን ያስባል?

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ባሮ ሞልቶ እንደ ቡሆ ኩፍ ብሏል። ቤት ውስጥ ከሽሮና ከምስር በቀር ምንም ስለሌለ ውሻው ሳህኑን ትቶ ሲሄድ እኔ ሳቅሁ። «ዝም በለው፤ ከአንተ ጋር እየጾመ ነው። ማርያም ጾሙን ትቀበለው» አልኩት አባቴን። እሱ አልሳቀም። ተነሥቶ ፍትፍቱን በእጁ አድቅቆ ወደ አፉ አስጠጋለት። ውሻው እጁን ላሰው እንጂ ፍትፍቱን አልነካም።

አጥር ለአጥር የምንዋሰን አንዲት አኙዋ ጎረቤት አለችን፤ ገበያ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት። አማርኛን ያወቀችው ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። የነገሩን ወሬ ስትሰማ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዛ መጣች፣ ራሷ ቆርሳ ፊቱ ጣለችለት። አሸተተው፣ ራሱን አዞረ።

«አባባ፣ ዓሣም እምቢ አለች?» አለችው አባቴን። «ባሮ ላይ ዓሣ እምቢ ያለ ውሻ እኔ አላየሁም። ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም።»

በማግስቱ ታችኛው መንጋጋው ወርዶ ተንጠለጠለ። ምራቁ ይንጠባጠባል። ወደ ውሃው ሳህን እየሄደ አፉን ይነክራል፣ ውሃው ግን አይወርድለትም። የሚያሳዝን ነገር ነበር፤ የተጠማ ፍጡር ውሃ ላይ ቆሞ ሲቸግረው ማየት። አባቴ ሲያየው ቆየና ፊቱ በራ።

«አጥንት አንቆት ነው! ትናንት የዚያ የሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ ነበር፤ አላልኩም?»

ይህ «አላልኩም» የአባቴ ማተብ ነበር ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲመጣ አላልኩም፣ መብራት ሲጠፋ አላልኩም፣ የከተማው ባጃጅ ሲበላሽ አላልኩም። ብሎም ሆነ ሳይል።

እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። እኔ የስልኬን መብራት ይዤ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የውሻ አፍ አልወድም። «ተው፣ ይነክስሃል» አልኩት። «እኔን? ይሄ?» አለኝ እየሳቀ። ውሻውም አልነከሰውም። አፉን ከፍቶ ዝም አለ፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ በሽተኛ። አባቴ እጁን እስከ ጉሮሮው አስገብቶ ፈለገ፣ አገላበጠ፣ ምንም አጣ። ሲያወጣ አውራ ጣቱን የውሻው ጥርስ ጫር አደረገው። በሎሚ አሸው፣ ወዲያው ረሳው።

እብድ ውሻ ሲባል እኛ የምናውቀው አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጠውን ነው። ልጆች «እብድ ውሻ!» ብለው ሲጮሁ አጥር ላይ እንወጣለን። ይሄኛው የጌታውን እጅ ይልስ ነበር። ማን ይጠረጥረዋል? ከውሃው በርሜል ጀርባ ገብቶ ተኛ፣ በነጋታው እዚያው ሞቶ ተገኘ። አባቴ ማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሲቆፍር እንባውን እንዳላይበት ጀርባውን ሰጠኝ።

እዚያው መንገዳችን ላይ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይኖራል፤ ልጁን አስተምሬለታለሁ። እግረ መንገዴን ነገሩን አጫወትኩት፤ ወሬ ነበር እንጂ ምክር አልጠየቅሁትም። መንጋጋው ወረደ ስለው ፈገግታው ጠፋ።

«አፉን የነካው ሰው አለ?»

«አባቴ፤ አጥንት ይሆናል ብሎ እጁን አስገብቶ ፈለገ።»

«ሁሉም አጥንት ነው የሚለው» አለኝ። «ዝም ብሎ የሚያብድም አለ መምህርት። አይነክስም፣ አይሮጥም፤ ጉሮሮው ሽባ ይሆንና መብላት ይተዋል። አሁኑኑ ድልድዩን አሻግሪው። ክትባቱ በሽታው ሳይነሣ ከተሰጠ ያድናል። ከተነሣ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም፤ የትም አገር የለውም።»

ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ አባቴ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን አጨማዷል፤ መራራ ነገር እንደጠጣ ሰው። እውነትም ጠጥቶ ነበር።

አባቴ ሞኝ አልነበረም። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ውሻው ሲሞት እሱም ጠርጥሯል። በዚያው ጠዋት፣ እኔ ሳልነሣ፣ ከወንዙ ወዲህ የሚኖር አንድ የደጋ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዶ የእብድ ውሻ ሥር አስወቅጦ በባዶ ሆዱ ጠጥቷል። ለጥንቃቄ። መድኃኒቱ ግን ሕግ አለው፤ የጠጣ ሰው ወንዝ አይሻገርም። ጨረቃ ጎድላ ዳግመኛ እስክትሞላ ወንዝ ከተሻገረ ሥሩ ይሽራል፣ በሽታውም ይነሣበታል።

«ተነሥ አባዬ፣ ባጃጁ ቆሟል።»

«የት?»

«ሆስፒታል።»

በረዥሙ አየኝ። «ባሮን አሻግረሽ ልትገድይኝ ነው?»

ያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶታል። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፤ ባጃጁ ሰልችቶት ሄደ። አባቴ አንድም ቃል ሳይጮህ መለሰልኝ። አባቱን፣ ማለት አያቴን፣ እሱ ልጅ ሳለ እብድ ውሻ ነክሶት ነበር። ያንኑ ሥር ጠጣ፣ ወንዝ ሳይሻገር ከረመ፣ አርጅቶ የልጅ ልጅ አይቶ ሞተ። አብሮት የተነከሰው ጎረቤቱ ግን ገበያ እንዳያመልጠው ብሎ ወንዝ ተሻገረና እንደ ውሻ እየጮኸ ሞተ። «ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። «የአንቺን መርፌ ግን አላየሁትም።» ከሰው ዓይን ጋር አይሟገቱም። አንዱ ውሻ በሽታውን ሳያስተላልፍ ይቀራል፣ ሌላው ያስተላልፋል ብዬ ከባለሙያው የሰማሁትን ብነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ለልጅ እንደሚነቀነቅ ያለ።

እሱ ካልተሻገረ መድኃኒቱ ይሻገር ብዬ እኔ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘሁት ነርስ ደግ ሰው ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ አለቃውን አስፈቅዶ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ አብሮኝ ባጃጅ ላይ ወጣ። ድልድዩን ስንሻገር ሳጥኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎት ነበር። በልቤ ዳንን አልኩ።

አባቴ በክብር ተቀበለው። እጅ አስታጠበው፣ ምሳ አቀረበለት፣ አገሩን ጠየቀው፣ የጎንደር ልጅ መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። ከምሳ በኋላ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ልጄ፣ ሥር ከመርፌ ጋር አይስማማም። አንዱን ጠጥቻለሁ፣ ሁለተኛውን ብጨምር ይጣሉብኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ነርሱ አስረዳ፣ ለመነ፤ አልሆነም። ሰውን አስሮ መውጋት አይቻልም። ሳጥኑን ይዞ ሲወጣ ደጅ ላይ «አይዞሽ» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

የቀረኝ የንስሐ አባቱ ነበሩ። ካህኑ በዚያ ዝናብ ጃንጥላቸውን ይዘው ከማዶ መጡ። «መርፌውም የእግዚአብሔር ነው፣ ተከተብ» አሉት። አባቴ መስቀላቸውን ተሳለመ። ለእኔ ያልሰጠውን ለእሳቸው ሰጠ፤ ቃሉን። «ጨረቃዋ ትሙላ አባ። ያኔ በገዛ እግሬ ተሻግሬ አስቀድሳለሁ፣ ከዚያም መርፌያቸውን እወጋለሁ። ማርያምን።»

በማርያም ከማለ አባቴ አይዋሽም። ስለዚህ ጨረቃን መጠበቅ ጀመርኩ። ዘመኔን ሙሉ ቀና ብዬ ያላየኋትን ጨረቃ በየምሽቱ ደጅ ወጥቼ መፈለግ ሆነ ሥራዬ። ደመና ሲጋርዳት በደመናው እናደዳለሁ። ጎደለች፣ ጠፋች፣ እንደ ጥፍር ቀጭን ሆና ተመለሰች። አባቴ ደህና ነበር። ይበላል፣ ይጠጣል፣ እኔን ይተርባል። ዘመን መለወጫን ወንዙ ዳር ቆሞ የማዶውን ደወል እየሰማ አሳለፈው፤ ነጠላውን አጣፍቶ ከቆመበት ወደ ውሃው ግን አንድ እርምጃ አልተጠጋም። «ይኸው፣ ደህና ነኝ። አላልኩም?» አለኝ ሲመለስ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ጀምሬ ነበር። ሰው ሲደክመው የማያምነው ነገር የለም።

ጨረቃዋ ሙሉ ለመሆን ትንሽ ሲቀራት፣ አንድ ጠዋት አውራ ጣቱን ሲያክ አገኘሁት። ይበላኛል አለ። በማግስቱ ክንዱ ድረስ ደነዘዘው። ቁርስ ሳቀርብለት ገፋ አደረገው።

«አልበላም፤ አላሰኘኝም።»

ጨጨብሳ ሠራሁለት፣ እምቢ አለ። ጎረቤቴ የዓሣ ሾርባ ይዛ መጣች፤ አሸተተው፣ ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ ሳህኗን እንደያዘች እኔን አየችኝ። ሳህኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ክንዴን ያዘችኝ። ውሃ በብርጭቆ ሰጠሁት። ወደ አፉ ሲያስጠጋው አንገቱ ተሸመቀቀ፣ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራኝ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ግን አባቴ ራሱ ተነሥቶ «እንሻገር» ያለው ነው። ጨረቃዋ አልሞላችም። እሱም ያውቃል።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ የወንዙ ነፋስ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ነፋሱ ፊቱን ሲነካው ትንፋሹ ተቋረጠ፣ ጉሮሮው ተያዘ፣ ነጠላዬን ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ወንዙን አላየውም። ስንትና ስንት ቀን የሸሸውን ውሃ ተሻግሮ ሲያልፍ ዓይኑ ተጨፍኖ ነበር።

ሆስፒታል ያ ነርስ አገኘን። አባቴን አይቶ ሳጥኑን ሊያመጣ አልሄደም። ጨለም ያለ ክፍል ሰጡን፣ መስኮቱን ዘጉልን፣ የሚያስተኛ መርፌ ወጉት። ለእኔ «በአፉ በኩል እጅሽን እንዳታስገቢ፣ ምራቁ እንዳይነካሽ» አሉኝ። አባቴ ንጹሕ አእምሮ ነበረው፤ ይህ ነው የማልረሳው። መናገር ሲችል በደንብ ይናገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ ጠራኝ።

«አንቺ።»

«አቤት አባዬ።»

«ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር አለ። አጥንት ሳያንቀኝ አልቀረም። እስቲ እዪልኝ።»

ዓሣ አልበላም ነበር። ሥጋ ከነካ ሰንብቷል። አፉን እንደ ልጅ ከፈተልኝ። የስልኬን መብራት አበራሁና ራቅ ብዬ ሳይሆን ቀርቤ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ምንም አልነበረም።

«አየሁት አባዬ» አልኩት። «ትንሽ አጥንት ናት።»

ዓይኑ እፎይ አለ። «አላልኩም?» አለኝ።