በሕግ አምላክ የቆመው ፊልም

ጎፋ፣ ከታክሲ መውረጃው አጠገብ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ። የስፌት መኪናውን በእግሩ ሲረግጠው ተር ተር ተር ይላል። ቀሚስ ላሳጥር ብዬ እሄድና ቀሚሱ ካለቀ በኋላም በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ እቀራለሁ። "እማማ፣ ጨረስኩልዎት እኮ" ይለኛል። "ይሁን ልጄ፣ እግሬ እስኪያርፍ ነው" እለዋለሁ። እግሬ አይደለም፤ ድምፁ ነው። ክሩ ተበጥሶ መኪናው ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ክው ይላል። አሁን አንድ ነገር ይቃጠላል ብዬ እጠብቃለሁ። አፍንጫዬ እንኳ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ይፈልጋል።

ያኔ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ መካኒሳ ገጠር ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሁሉ ገብስና ጤፍ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥሰው ከወዲህ ሆነን "ይማርህ" እንለው ነበር።

አባቴ ወፍራም ሰው ነበር፣ ሲራመድ ምድሩ የሚያውቀው ዓይነት። ሹመት አልነበረውም፤ ዳኛም ጭቃ ሹምም አልነበረም። ድምፅ ግን ነበረው። ገበያ ላይ ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አባቴ ከሩቅ ሆኖ "በሕግ አምላክ" ካለ ነገሩ አበቃ። ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። በዚያ ዘመን ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ዱላውን አንስቶ እንደሆነ እንዳነሳ፣ እግሩን አንስቶ እንደሆነ እንዳንጠለጠለ ይቆማል። የማይቆም ሰው ከሰው አይቆጠርም። ሰካራም ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያ ቃል ነው እንግዲህ አጎቴን ከቤታችን ያስቀረብን። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ። አያቴ ሲሞት መሬቱ ለሁለት ተከፈለና አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ድንበሩ ላይ ቀረ። አጎቴ ቤት ሊሠራ ምሰሶ ፈለገ፤ ሳይጠይቅ መቁረጥ ጀመረ። እኔ አጠገቡ ሆኜ ለእናቴ ማገዶ ስንጥር እለቅም ነበር። አባቴ ከቤት ብቅ ሲል አየው። ሮጦ መድረስ እንደማይችል ያውቃል፤ ከደጃፉ ሆኖ "በሕግ አምላክ" አለ።

አጎቴ መጥረቢያውን እንዳነሳ ቀረ። ፊቱን አየሁት። ሰው በጥፊ ሲመታ እንኳ እንደዚያ አይደነግጥም። ታላቅ ወንድሙ ሕግ ይጠራብኛል ብሎ አላሰበም ነበር።

በዚያን ጊዜ የተካሰሱ ሰዎች ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የጋቢያቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠር ነበር፤ አንዱ ካንዱ እንዳይጠፋ ነው። አባቴና አጎቴ እንደዚያ ተቋጥረው በገበያው መሀል አለፉ። ዳኛው "ዛፉን ማንም እንዳይነካው" ብሎ አሰናበታቸው። ዛፉም ግንዱ እስከ መሀሉ ተቆርጦ ቆሞ ቀረ። ነፋስ ሲነፍስ ሲጥጥ ይላል፤ እኔ ሌሊት ይወድቅብናል እያልኩ እፈራ ነበር።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም። ሽማግሌ ተላከ፤ ቄስም ሄዱ። "ዛፉን ይውሰደው" አለ አሉ አጎቴ። "የተቋጠርኩባትን ገበያ ግን እንዴት አድርጌ ልርሳት?" አባቴ ደግሞ ያወጣሁትን ቃል አልመልስም ባይ ነው። ግን ራት ሲቀርብ ሁልጊዜ ወደ ዳር ሸሸት ብሎ ይቀመጣል፤ የአጎቴን ቦታ ትቶ። እናቴ "ሰፋ ብለህ ተቀመጥ እንጂ" ስትለው "ደህና ነኝ" ይላታል። ያን የሚያህል ሰውዬ ጥግ ላይ ተጨብጦ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ሳሙና የሚሸጥ መኪና የመጣው። ሳሙናውን ለማሻሻጥ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያሳያል ተባለ። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ገባ። መስኮቶቹን በጆንያ ደፍነው አጨለሙት። የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ብርሃን ያንጠባጥባል። የገብስ አቧራና የአዲስ ሳሙና ሽታ ተደባልቆ ያስነጥሰን ነበር። ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረዋል። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ የከተማ ልጅ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ እጀታውን ማዞር ሲጀምር፣ ተር ተር ተር፣ አቡጀዲው ላይ ሰው ወጣ።

ድንጋጤያችንን እንዴት ልንገራችሁ። የፊተኞቹ ወደ ኋላ ሸሹ፤ የኋለኞቹ ወደ ፊት ገፉ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ነከስኩ።

ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ጭንቅላታቸው ላይ ቁጭ ያለች ትንሽ ባርኔጣ አላቸው። ቤት ሊቀቡ ነው የመጡት። አንድ ረጅም ሳንቃ ፊትና ኋላ ሆነው ተሸክመዋል።

"ሰው ፊት ባርኔጣቸውን አያወልቁም?" አለች እናቴ።

"ደግሞ አይናገሩም። ዲዳ ናቸው እንዴ?" አሉ አንዲት ሴትዮ።

"ዲዳ ባይሆኑማ ተነጋግረው ይስማሙ ነበር" አለ የመንደራችን ባለሱቅ። "እስኪ ዝም በሉ፣ አሁን ሊጣሉ ነው።"

እውነትም ቀጭኑ ዞር ሲል ሳንቃው የወፍራሙን ማጅራት አገኘው። ወፍራሙ ኖራ ባልዲ ውስጥ በፊቱ ተደፋ። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ በአንድ አፍ "እኔን" አሉ። ሰው ሲወድቅ እንዲያ ነዋ የሚባለው። ወፍራሙ ተነስቶ ቀጭኑን በብሩሽ መታው፤ "እኔን" አልን። ቀጭኑ ከነመሰላሉ ወደቀ፤ "እኔን"። የምንለው አለቀብን እንጂ እነሱ መውደቁ አላለቀባቸውም። ልጆች መሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። "የሰው መውደቅ ያስቃል?" አለች። የራሷ ከንፈር ግን ሲንቀጠቀጥ በማሽኑ ብርሃን አየሁት።

ከዚያ ሰው አንዴ አቡጀዲውን፣ አንዴ አባቴን፣ አንዴ ከወዲያኛው ጥግ ጆንያ ተደግፎ የቆመውን አጎቴን ማየት ጀመረ። ወፍራምና ቀጭን። ከኋላ አንዱ "የጎደለው ባሕር ዛፉ ብቻ ነው" አለ። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። አባቴ ሰማ። አጎቴም ሰማ፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው አጣፋ።

አቡጀዲው ላይ ደግሞ ቀጭኑ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ወፍራሙ ሳንቃውን በሁለት እጁ አንስቶ ከበላዩ ቆሟል። ቀጭኑ አላየውም።

አባቴ ተነሳ። ጥላው አቡጀዲውን ግማሽ ሸፈነው።

"በሕግ አምላክ" አለ፣ በዚያ በገበያ ድምፁ።

ሁሉም ሰው ቀጥ አለ። ሳቁ ተቋረጠ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም አለ። ተር ተሩም ቆመ። አቡጀዲው ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎችም ቆሙ። ወፍራሙ ሳንቃውን እንዳነሳ፣ ቀጭኑ እንዳጎነበሰ። የማን አገር ሰዎች እንደሆኑ አናውቅም፤ ቋንቋችንን አይሰሙም፤ የአባቴን ቃል ግን ሰሙ። ፀጉሬ ቆመ።

ወዲያው በሁለቱ መሀል ቡናማ ነጥብ ወጣች። ሰፋች። ዳሯ እንደሚፈላ ወተት አረፋ ደፈቀ። ሳንቃውን በላችው፣ የወፍራሙን እጅ በላችው፣ የቀጭኑን ባርኔጣና ፊት በላችው። ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። የተቃጠለ ቀንድ ሸተተ።

"አቃጠላቸው" አለ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ነው ጩኸቱ የመጣው። ሰው ወደ በሩ ተራወጠ፤ እናቴ እኔን ከሥሯ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። አባቴ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። እጁ እንደተነሳ ነው። አባቴ ሲፈራ ያን ቀን አየሁ።

ያን ሁሉ ሰው እየገፋ ወደ ውስጥ የመጣ አጎቴ ብቻ ነበር። የአባቴን ጋቢ ጫፉን ይዞ ሳብ አደረገውና ጆንያ ላይ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ ተቀመጥ" አለው።

ከዛፉ ወዲህ ለአባቴ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ገደልኳቸው?" አለ አባቴ።

"እኔ እንጃ ጋሼ። ብቻ ተቀመጥ።"

ባለማሽኑ አንዱን ጆንያ ከመስኮቱ ነቅሎ ብርሃን አስገባ። ላብ አጥምቆታል። "ማነው በሕግ አምላክ ያለው?" አለ።

"እኔ ነኝ። ውሰደኝ" አለ አባቴ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ እየሰጠ።

"አባባ፣ የት ነው የምወስድዎት? ፊልም እኮ ነው። ማሽኑ ሲቆም መብራቱ ፊልሙን ያቃጥለዋል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰዎቹ አገራቸው ናቸው።"

"ታዲያ ለምን አቆምከው?" አለ አጎቴ።

ባለማሽኑ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። "እንጃ" አለ። "በሕግ አምላክ ሲባል እጄ ቆመ።"

"ያሳደገህ ይባረክ" አለ ባለሱቁ፣ ከበሩ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ።

ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ። ልጁ የተቃጠለውን በመቀስ ቆርጦ ጣለ፤ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሙጫ አጣበቀው፤ እፍ፣ እፍ አለበት። ጆንያው ተመልሶ ተደፈነ። ተር ተር ተር። አባቴና አጎቴ በዚያችው ጆንያ ላይ ናቸው፤ የአባቴ ጋቢ ጫፍ አሁንም በአጎቴ እጅ ነው። የረሳው ይመስለኛል።

ሁለቱ ሰዎች ወጡ። ደህና ናቸው፤ ጠባሳ እንኳ የላቸውም። እናቴ አማተበች። ቀጭኑ ጎንበስ አለ፤ ወፍራሙ ሳንቃውን አነሳ። መጋዘኑ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ምስሉ ብልጭ አለና ሁለቱ ሳንቃውን ፊትና ኋላ ሆነው ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ በመንገዱ ይሄዳሉ። በመሀል ምንም የለም።



"ጋሼ" አለ አጎቴ። "ምቱ ቀረ እኮ።"

የአባቴ ትከሻ ይርገበገባል። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ በኋላ የሚስቅ መሰለኝ። እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሰኞ አባቴ መጥረቢያ ይዞ ወጣና ያን ዛፍ እሱ ራሱ ጣለው። ቅርንጫፉን መልምለው፣ አባቴ ከፊት አጎቴ ከኋላ ሆነው ተሸክመው በገበያው መሀል አለፉ። ሌላ መንገድ ነበር፤ አጎቴ ነው በዚህ ይሁን ያለው። የመንደሩ ወሬኛ "ባለሳሙናዎቹ መጡ፣ ራሳችሁን ጠብቁ" አለ። ስማቸውም በዚያው ባለሳሙናዎቹ ሆኖ ቀረ። አባቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል እንደ ልቡ አያወጣውም ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሲጣላ በእግሩ ሄዶ መሀል ይገባል፤ ዱላም ቀምሷል።

አሁን ያ መጋዘን የነበረበትን ቦታ ብፈልግ አላገኘውም። ባለፈው የልጅ ልጄን ይዤ ዞርኩ፤ እዚህ ጋ ነው ስላት የባንክ በር ሆነ፤ እዚያ ጋ ነው ስላት የመኪና ማጠቢያ። የታክሲ ረዳቱ ከኋላችን ይጮኻል። "እማማ፣ ይገባሉ?" ይለኛል። ወዴት ብዬ ልንገረው።

አጎቴ ዕድሜ አላገኘም። እኔ በተዳርኩ ማግሥት ሳል ያዘው። ሳሉ ጠናበትና በዚያ ከዛፉ በሠራው ምሰሶ ሥር ተኛ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ተጠራን። አባቴ ራስጌው ተቀምጦ ነበር። ያ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

አባቴ ድንገት ብድግ አለ።

"በሕግ አምላክ" አለ።

እናቴ ውሃ እንደያዘች ቆመች። በር ላይ የነበረው ጎረቤት አንድ እግሩን ከደፉ ላይ እንዳነሳ ቆመ። ሁላችንም ቆምን። የአጎቴ ደረት ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዝቅ እያለ። ዓይኑን ገለጠ። ያ የጨዋታ ፊቱ ለአፍታ መጣ።

"ባለማሽኑ አልሰማህም፣ ጋሼ" አለ።

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። የአጎቴን ጋቢ ጫፍ ፈልጎ፣ ከራሱ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረው፤ ዳኛ ፊት እንደሚቀርቡ ሰዎች። እንደዚያ እንዳሉ መሸ።

ቋጠሮውን የፈታችው እናቴ ናት። በጣም ጠብቆ ስለነበር በጣቷ እምቢ አላት። በጥርሷ ነው የፈታችው።