በሪሁን ያልቀየራት ቺንጋ

የቡራዩዋ ማሪቱ የግቢዋን በር የምትከፍተው በክላክስ አልነበረም፤ በቺንጋ ነበር። ባሏ በሪሁን ሚኒባስ ነጂ ነው። ሞተሩ ፊት ላይ የምትዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ አርጅታ ስለላላች፣ መኪናው የሰፈሩን ዳገት ሲጀምር ሲጢጥ ትላለች። ያኔ ማሪቱ የያዘችውን ጥላ ትነሳለች። እሱ ሲደርስ መወርወሪያው ተስቦ፣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

መካኒኩ ቀይራት ቢለው አዲስ ገዛ፤ ገዝቶም ጓዳ ሚስማር ላይ ሰቀላት። «እሷን ከቀየርኩ በሩን ማን ይከፍትልኛል?» ይላል። ሰበብ የማያጣ ሰው ነበር። ማሪቱ ሰነፍ እያለች ትሰድበዋለች፤ ውስጧን ግን ደስ ይለዋል።

ባለፈው ሁዳዴ በሪሁን በልብ ሕመም ሞተ። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ሚኒባሱን ከነሱ ቤት በላይ የሚኖረው ጋሮማ ገዛው። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ሲጢጥ ሲል ማሪቱ ተነስታ መወርወሪያውን ትይዛለች። እንደማይገባ ታውቃለች። ለዚያች ለአንድ አፍታ ግን ባሏ እየመጣ ነው።

አንድ እሑድ ጋሮማ መጣ።

«አዴ ማሪቱ፣ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው የምትጮኸው? ጋሼ በሪሁን የነገሩዎት ነገር አለ?»

ማሪቱ «እንጃ» ብትለው ድምፁ ጥቂት ጊዜ ይቆይላታል። በሪሁን ግን ደጋግሞ አስረድቷታል፤ የውኃውን ፓምፕ የምታዞረው ቺንጋዋ ናት፣ ከተበጠሰች ሞተሩ ይፈላል። ጋሮማ ደግሞ ሰው ጭኖ መናገሻ ድረስ የሚመላለስ የልጆች አባት ነው።

«ቺንጋዋ ናት፣ ልጄ» አለችው።

ጓዳ ገብታ አዲሲቱን ከሚስማሩ አወረደች፤ አቧራዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችው።

«እያለች ለምን አልቀየሯትም?»

«በሩን እንድከፍትለት ብሎ።»

ጋሮማ ነገሩ አልገባውም። «ገለቶማ፣ አዴ» ብሎ አመስግኗት ሄደ።

ሰኞ ምሽት ማሪቱ በተለመደው ሰዓት በሩ ሥር ቆመች። ውጭ ሦስት መኪና አለፈ። ቆይታ ቆይታ ጎረቤቷን ብርቅዬን በአጥሩ ላይ ጠራቻት።

«ጋሮማ ዛሬ አመሸ?»

«ኧረ ቅድም ገባ። እዚሁ አጠገብሽ ነው ያለፈው።»

ማሪቱ ከሦስቱ የትኛው እንደነበር አላወቀችም። መወርወሪያውን እንደያዘች፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች።